322ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት የት ነው የተዋጋው? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው፦ «የምኖረው ዴሞይን፣ አዮዋ ነው፣ ስራዬ ሆም ኬር ነው። የምንከባከባቸው ማዘር አባታቸው በ1930ዎቹ ወታደር እንደነበሩ እያጫወቱኝ አንድ ሳጥን አሳዩኝ። ውስጡ ፈረስ ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ፣ የተጣመሩ ጎራዴዎች ያሉበት የኮሌታ ፒን፣ እና 322ኛ ፈረሰኛ ሬጅመንት፣ ኦርጋናይዝድ ሪዘርቭ የሚል የመኮንንነት ሹመት ወረቀት አለ። ልጆቻቸው ሬጅመንቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የት እንደተዋጋ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጉግል ሳደርግ አንዱ ፓስፊክ ደሴት ላይ ነው ይለኛል፣ አንዱ ሆላንድ፣ አንዱ ደግሞ ፕሬዚደንት ሬገን ነበሩበት ይላል። የቱ ነው እውነቱ? ፋይላቸውንስ ከየት እናገኛለን? በዛውም ልጄ 18 ሞልቶት አርሚ ሪዘርቭ ገብቼ ፈረሰኛ ልሁን እያለኝ ነው፣ ዛሬም አለ እንዴ?»

መልሱ ባጭሩ፦ 322ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት የትም አልተዋጋም። ፓስፊክም ሆላንድም አልሄደም፣ እንደ ሬጅመንት ለጦርነት ተጠርቶም አያውቅም። የሬገኑ ነገር እውነት ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ የሌላ ጦር ታሪክ ናቸው። ግን ይሄን ሰምታችሁ አባትየው አልዘመቱም ብላችሁ እንዳትደመድሙ፣ የሪዘርቭ ሬጅመንት ታሪክና በሬጅመንቱ መዝገብ ላይ ስሙ የነበረ ሰው ታሪክ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ቤተሰቦች ሁሌ የሚሳሳቱትም ሰውዬውን በሬጅመንቱ በኩል ለማግኘት ሲሞክሩ ነው። ከታች የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጉግል ያመጣልሽን እናጣራ። ፓስፊክ ያለሽ 322ኛ እግረኛ ሬጅመንት ነው እንጂ ፈረሰኛው አይደለም። እሱ በ81ኛው እግረኛ ዲቪዥን ስር ሆኖ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1944 አንጋውር የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የወረደው ነው። እንግሊዝ አገር ሆኖ ሲበር የነበረ 322ኛ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ግሩፕም አለ፣ እሱንም ልታገኚው ትችያለሽ። የአሜሪካ ጦር ቁጥር የሚሰጠው በየሙያው ለየብቻ ስለሆነ እግረኛውም ፈረሰኛውም አየር ሀይሉም የየራሳቸው 322 አላቸው፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሆላንድ ያለሽ ደግሞ 113ኛው ፈረሰኛ ነው፣ የአዮዋ ናሽናል ጋርድ ሬጅመንት፣ በ1941 መጀመሪያ ለፌደራል አገልግሎት ተጠርቶ ቴክሳስ ካምፕ ቦዊ የሰለጠነና በኋላ ፈረሱን ትቶ በብረት ለበስ መኪና አውሮፓ የገባ፣ በ1944 መገባደጃ ቤልጂግና ደቡብ ሆላንድ ላይ የተዋጋ። አዮዋ ውስጥ «አያቴ ፈረሰኛ ነበር፣ አውሮፓ ዘምቷል» የሚል ቤተሰብ ካገኘሽ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ 113ኛው ነው። ጋርድ ማለት በሰላም ጊዜ በስቴቱ ገዢ ስር ያለ፣ ወታደሩም መሳሪያውም ፈረሱም የተሟላ፣ ሲጠራ እንዳለ ተነስቶ የሚሄድ ጦር ነው። የማዘር አባት ወረቀት ላይ ያለው ኦርጋናይዝድ ሪዘርቭ ግን ፌደራል ነው፣ አሰራሩም ጨርሶ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

አንድ ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው በ300ዎቹ የተቆጠረ ፈረሰኛ ሬጅመንት ሲያይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው ብሎ ይጽፋል። በ1918 መጀመሪያ ላይ በእርግጥ አዳዲስ ፈረሰኛ ሬጅመንቶች ተቋቁመው ነበር፣ ግን ቁጥራቸው ከ301 እስከ 315 ብቻ ነው፣ እነሱም ያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተበትነው መድፈኛ ተደረጉ። ፈረንሳይ ያለው ጦርነት የሚፈልገው መድፍ እንጂ ፈረሰኛ አልነበረማ። 322 እዛ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ የአንደኛው ጦርነት ታሪክ ሊኖረው አይችልም። እሱ የተፈጠረው በ1921 ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይሄ ሪዘርቭ ምን ነበር የሚለው። አሜሪካ በ1917 ጦርነት ውስጥ ስትገባ ትልቁ ራስ ምታቷ የወታደር እጥረት አልነበረም፣ ወጣት በምልመላ ይመጣል። የጠፋው መኮንን ነው። ሦስት ወር አሰልጥነው ትከሻው ላይ ማዕረግ የሚለጥፉለትን ልጅ ይዘው ነው አውሮፓ የሄዱት። ከዛ ተምረው ሰኔ 1920 አዲስ የመከላከያ ህግ አወጡ፣ ጦሩን በሦስት ከፈሉት፦ መደበኛው ጦር፣ ናሽናል ጋርድ፣ እና ኦርጋናይዝድ ሪዘርቭ። የሦስተኛው ሀሳብ ሲታይ ቀላል ነው፣ በሰላም ጊዜ መኮንኖቹን ብቻ በየከተማቸው በሬጅመንት መድበን እናቆይ፣ ጦርነት ከመጣ ተመልማዩን እናፈስበታለን፣ ፈረስና መሳሪያ ያኔ ይገዛል። በዚህ ሂሳብ ስድስት የሪዘርቭ ፈረሰኛ ዲቪዥኖች ተቋቋሙ፣ ከ61ኛ እስከ 66ኛ፣ ሬጅመንቶቹም ከ301 እስከ 324 ተቆጠሩ። 322ኛው የ66ኛው ዲቪዥን ነው፣ የሚድዌስትን ምዕራባዊ ክፍል የሚያስተዳድረው፣ ኦማሃ ላይ ዋና ቢሮ በነበረው ሰባተኛ ኮር ኤርያ (የጦሩ የአስተዳደር ክልል) ስር።

ወረቀት ላይ ሲታይ አስፈሪ ጦር ነው፣ ስድስት ዲቪዥን ፈረሰኛ ቀላል አይደለም። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ኮንግረስ ብር አልሰጠም። መደበኛው ጦር ራሱ በህግ ወደ 280,000 ሰው ተፈቅዶለት ሳለ በ20ዎቹ አጋማሽ ግማሹን እንኳን አልሞላም፣ ለሪዘርቭ የሚተርፈውን አስቢው። ስለዚህ 322ኛው ኮሎኔል ነበረው፣ ሻምበሎችና መቶ አለቆች ነበሩት፣ ትሩፕ ኤ ትሩፕ ቢ ተብሎ ተከፋፍሏል፣ ተራ ወታደር ግን ከቁጥር የማይገባ ነው። ፈረስ ደግሞ አንድም የራሱ አልነበረውም። ፈረሰኛ ሲባል የአድዋ ፈረሰኛ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፈረስ ጭኖ፣ በፈረሱ ስም አባ ምናምን እየተባለ የሚወጣው አይነት ከታየሽ ከሀሳብሽ አውጪው። እዚህ የምናወራው ቀን ቀን ጠበቃ፣ የባንክ ሰራተኛ፣ አስተማሪ፣ የእህል ነጋዴ ስለሆኑ ሰዎች ነው።

የአንድ የ322ኛ መኮንን ዓመት ምን ይመስል ነበር ካልሽኝ፣ አብዛኛው በፖስታ ያለቀ ነው። የጦሩ የርቀት ትምህርት በፖስታ ይመጣል፣ ካርታና የጥያቄ ወረቀት ያለበት፣ «ጠላት በዚህ ወንዝ ማዶ ነው፣ ትሩፕህን የት ታቆማለህ፣ ፈረሶቹን የት ታጠጣለህ» አይነት፣ ማታ ከራት በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሰርቶ መልሶ ይልካል፣ ታርሞ ይመለሳል። ክረምት ላይ ማታ ማታ አንድ ቢሮ ወይ አዳራሽ ተሰብስበው መደበኛው ጦር የመደበላቸው አስተማሪ ያስተምራቸዋል። ለዚህ ሁሉ ክፍያ የለም። ለሪዘርቭ የማታ ልምምድ ገንዘብ መክፈል የተጀመረው በ1948 ነው። ሹመቱ የሚሰጠው ለአምስት አምስት ዓመት ሲሆን በቂ ትምህርት ያላጠናቀቀ ሲታደስለት ችግር ይገጥመዋል። ሳጥኑ ውስጥ የአምስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት የሹመት ወረቀቶች ብታገኙ ግራ አይግባችሁ፣ እድሳት ነው።

ፈረሱ የሚመጣው በጋ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት፣ ያውም በጀት ሲኖር ነው፣ ሁሉም ሰው በየዓመቱ አይጠራም። ከተማችሁ ደቡብ በኩል ያለው ፎርት ዴሞይን በዛን ጊዜ የመደበኛው ጦር የ14ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ሰፈር ነበር፣ የሪዘርቭ መኮንን ፈረስ የሚጋልበው የእነሱን ተውሶ ነው። የፎቶው ፈረስ የአባትየው አይደለም ማለቴ ነው፣ ልጆቹ የፈረሱን ስም ሁሉ ሲፈልጉ እንዳይደክሙ። በዛው በጋ ለሲቪል ወጣቶች የሚዘጋጅ የአንድ ወር የውትድርና ካምፕ ነበር፣ የሪዘርቭ መኮንኖቹ እዛ እያሰለጠኑ ነበር የማዘዝ ልምድ የሚያገኙት። ከ1933 በኋላ ደግሞ የሩዝቬልት መንግስት ስራ አጥ ወጣቶችን ዛፍ ተከላና መንገድ ስራ የሚያሰማራበት ካምፕ ሲከፍት ካምፖቹን እንዲያስተዳድሩ በሺህ የሚቆጠሩ የሪዘርቭ መኮንኖች ተጠርተዋል። በኔ ግምት ለብዙዎቹ እውነተኛ ትምህርት ቤት የሆናቸው ይሄ ነው፣ 200 የተራበ ጎረምሳ ማብላት፣ ማስተኛት፣ ማሰራት፣ ደሞዝ መክፈል፣ ያለ ወታደራዊ ቅጣት ስርዓት ማስያዝ። የትኛውም የፖስታ ትምህርት ይሄን አያስተምርም። ማዘር «አባቴ ጫካ ውስጥ ካምፕ ነበረው» ብለው ካወሩሽ እሱን ነው የሚሉት።

የሬገንን ነገር እዚህ ጋ ላስገባው ምክንያቱም ስርዓቱ እንዴት እንደሚሰራ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሬገን ዴሞይን ውስጥ ደብሊው ኤች ኦ ሬዲዮ የስፖርት ጋዜጠኛ ነበሩ። 14 የፖስታ ኮርስ ጨርሰው ኤፕሪል 29 ቀን 1937 በ322ኛው ትሩፕ ቢ ተራ ወታደር ሆነው ተመዘገቡ፣ ሜይ 25 ደግሞ የምክትል መቶ አለቃነት ሹመት ተሰጣቸው። አየሽ፣ ተራ ወታደርነቱ አንድ ወር እንኳን አልሞላም፣ ለመኮንንነት መሸጋገሪያ ነው። ሹመቱን የተቀበሉት ግን ሰኔ ላይ ሎስ አንጀለስ ፊልም ሊሰሩ ከሄዱ በኋላ ስለነበር የተመደቡት 323ኛው ፈረሰኛ ላይ ነው። ከተማ ሲቀየር ሬጅመንትም ይቀየራል፣ ይሄን ያዢልኝ። ጦርነት ሲመጣ ኤፕሪል 1942 ተጠሩ፣ አይናቸው ደካማ ስለሆነ ውጪ አገር መላክ ስለማይችሉ መጀመሪያ ሳንፍራንሲስኮ ወደብ ፎርት ሜሰን፣ ከዛ ወደ አየር ሀይል ተዛውረው ካልቨር ሲቲ የጦሩ የፊልም ክፍል፣ በ1943 ሻምበል ሆኑ፣ በ1945 መጨረሻ ተሰናበቱ። ፈረሰኛ መኮንን ተብሎ ተጀምሮ አብዛኛው የጦርነት ዘመን ካሜራ አጠገብ ማለቁ የሚያስቅ ቢመስልም የተለመደ ነው፣ ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ የብዙ የሪዘርቭ ፈረሰኛ መኮንን መንገድ እንደዚህ ጠማማ ነው።

ለምን በ1937 ፈረሰኛ ያሰለጥናሉ፣ ታንክ እያለ፣ ሰው ሁሌ የሚስቅበት ነገር ነው፣ እኔ ግን ያን ያህል አላስቅም እላለሁ። አንደኛ የ1920ው ህግ ታንክን ለእግረኛው ብቻ ነው የሰጠው፣ ፈረሰኛው ታንክ ሲሰራ እንኳን «ኮምባት ካር» ብሎ መጥራት ነበረበት ህግ እንዳይጥስ። ሁለተኛ የሜክሲኮ ድንበር ነበር፣ በ1910ዎቹ እዛ በረሃ ውስጥ ፈረስ ነው የሰራው። ሦስተኛ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጎራዴ መዝዞ እየጋለበ የሚገጥም ሳይሆን ፈጥኖ ቦታው ደርሶ፣ ወርዶ፣ በጠብመንጃ የሚዋጋ ነው፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለውን እነሱም በመመሪያ መጽሐፋቸው ይዘውት ነበር ማለት ይቻላል። ጎራዴውን ራሱ በ1934 ከትጥቅ አውጥተውታል፣ ፒኑ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። የሚወቀስ ነገር ካለ ዘግይቶ መንቃቱ ነው። በ1933 1ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ፈረሱን አስረክቦ ፎርት ኖክስ ላይ በሞተር ከተደራጀ በኋላ አቅጣጫው ግልጽ ነበር፣ ከ1938 ጀምሮ የፈረሰኛው አለቃ የነበሩት ጀነራል ጆን ኸር ግን ፈረስ ከሚነካብኝ ብለው ሲከራከሩ፣ ጁላይ 1940 የታንክ ጦሩ ራሱን ችሎ ተቋቋመና ፈረሰኛው ባዶ እጁን ቀረ።

መጨረሻው ፈጣን ነው። ከ1940 ጀምሮ የሪዘርቭ መኮንኖች መጠራት ሲጀምሩ እንደ ሬጅመንት አልተጠሩም፣ አንድ አንድ እየተባሉ በስም በየቤታቸው ትዕዛዝ ደረሳቸው፣ አንዱ ወደ ታንክ፣ አንዱ ወደ ጸረ ታንክ፣ አንዱ ወደ አየር ሀይል፣ አንዱ ወደ ስንቅና ትራንስፖርት፣ እድሜው የገፋው ወደ ማሰልጠኛ ወይም ወደ ምልመላ ቢሮ። ፐርል ሀርበር ሲመታ 322ኛው ቢሮና የስም ዝርዝር ብቻ ነበር። በ1942 መጀመሪያ ስድስቱም የሪዘርቭ ፈረሰኛ ዲቪዥኖች እንዲበተኑ ተደረገ፣ ሬጅመንቶቹም ወይ ተሰረዙ ወይ በወረቀት ወደ ሌላ ሙያ ተቀየሩ፣ በዛው ዓመት ማርች ላይ የፈረሰኛው አለቃ ቢሮ ራሱ ተዘጋ። የሚገርመው በዛው ጥር፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1942፣ ፊሊፒንስ ባታን ውስጥ ሞሮንግ የሚባል መንደር ላይ የአሜሪካ ጦር የመጨረሻው ነው የሚባለውን የፈረስ ጥቃት አደረገ፣ የመራው ኤድዊን ራምሴ የሚባል ወጣት መቶ አለቃ ነው፣ የ26ኛው ፈረሰኛ፣ ወታደሮቹ ፊሊፒኖዎች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ረሃብ ስለጸና የዛ ሬጅመንት ፈረሶች ታርደው ተበሉ። ስለዚህ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረሰኛ በፈረስ አልተዋጋም» የሚልሽም ተሳስቷል፣ 322ኛው ግን እዛ የለበትም።

አሁን ወደ ሳጥኑ። የሹመት ወረቀቱ ላይ ማየት ያለብሽ ሦስት ነገር ነው፦ ቀኑ፣ ማዕረጉ፣ እና ኦ በሚለው ፊደል የሚጀምር የመኮንን መለያ ቁጥር ካለ። ቁጥሩ ከሬጅመንቱ ስም መቶ እጥፍ ይጠቅማል፣ ሰውዬው የትም ቢዛወሩ አብሯቸው የሚሄደው እሱ ነው። ከዛ ቀጥሎ ከጦርነቱ መጨረሻ፣ ከ1945 ወይ 46 የሆነ የስንብት ወረቀት ይፈለግ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዲዲ 214 የሚባለው ቅጽ የመጣው በ1950 ስለሆነ እሱን ስትፈልጊ አትዋዪ፣ ያኔ ለመኮንን የሚሰጠው 53-98 የሚባል ቅጽ ነው። እሱ ከተገኘ የተመደቡበት ክፍል፣ የዘመቱበት ግንባር፣ ሜዳሊያ፣ አገር ውስጥና ውጪ የቆዩበት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፣ ፍለጋው ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ሰዎች እነዚህን ወረቀቶች የሚያስቀምጡት ከቤት ካርታና ከኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ስለሆነ የፎቶ ሳጥኑ ውስጥ የለም ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ፒኑን ደግሞ ማንም እንዳይወለውለው፣ የድሮው ቀለሙ ራሱ ዋጋ ነው፣ ፎቶውም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ከሆነ አትላጡት፣ ጀርባውን ብቻ አይታችሁ ፎቶ አንሱት።

ፋይሉ ያለው ሴንት ሉዊስ ሚዙሪ፣ የፌደራል መንግስቱ የወታደር መዝገብ ማዕከል ነው። የሚሞላው ቅጽ ኤስኤፍ 180 ይባላል፣ በኦንላይንም በፖስታም ይሆናል። ችግሩ ጁላይ 12 ቀን 1973 የተነሳው እሳት ነው። ከኖቬምበር 1912 እስከ ጃንዋሪ 1, 1960 ድረስ ከምድር ጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶው ያኔ ነው የጠፋው፣ ቅጂም አልነበረውም። ከአየር ሀይል የተሰናበቱት ውስጥም ስማቸው ከሀባርድ ቀጥሎ ባሉት ፊደላት የሚጀምር ብዙዎቹ ተቃጥለዋል። ግን አስተውይ፣ የሚቆጠረው የተሰናበቱበት ዓመት እንጂ የገቡበት አይደለም። ብዙ የሪዘርቭ መኮንኖች በ1948 በወጣው የጡረታ ህግ ምክንያት 20 ዓመት ለመሙላት ከጦርነቱም በኋላ በሪዘርቭ ቆይተዋል። አባትየው ከ1960 በኋላ ከወጡ ፋይላቸው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ከዛ በፊት ከወጡም ይጠየቅ፣ ጠርዙ የተቃጠለ ቅሪት አለ፣ ከሌላ መዝገብ፣ በተለይ ከመጨረሻ ደሞዝ ሰነድ ተነስተው አገልግሎቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጣሉ። ሙሉ የህይወት ታሪክ ግን አይጠበቅ።

መጠየቅ ያለባቸው ማዘር ራሳቸው ወይም ለሳቸው ህጋዊ ውክልና ያለው ሰው ነው። የሟች ልጅ ስለሆኑ እንደ ቅርብ ዘመድ መብት አላቸው፣ የሞት ማረጋገጫ ይጠየቃሉ። ሰውዬው ከተሰናበቱ 62 ዓመት ካለፈ ደግሞ ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው፣ ግን በክፍያ ነው። አንቺ ግን በሳቸው ስም እንዳትፈርሚ፣ ሳጥኑንም ስካን ላደርገው ብለሽ ወደ ቤትሽ እንዳትወስጂው፣ በጎ አስበሽ ቢሆንም። ኤጀንሲዎች በደንበኛ ንብረት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፣ ነገ አንዲት ሜዳሊያ ብትጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ልጆቻቸው ባሉበት፣ እዛው ቤት፣ በነሱ ስልክ ፎቶ ይነሳ። መለያ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። «የወታደር ፋይል በ48 ሰዓት» እያሉ ብር የሚጠይቁ ድረገጾችም አሉ፣ አብዛኞቹ ያንኑ ቅጽ ነው ሞልተው የሚልኩልሽ።

ፋይሉ እስኪመጣ ድረስ የአካባቢ ጋዜጣ ላይ ስሩ። የ1930ዎቹ የአዮዋ ጋዜጦች የሪዘርቭ መኮንኖች በጋ ላይ ካምፕ ሲሄዱ፣ ሹመት ሲያገኙ፣ ማዕረግ ሲጨምሩ በስም ያወጡ ነበር፣ ሁለት መስመር ናት ግን ቀን አላት። ዴሞይን ያለው የስቴቱ ታሪክ ማህበር የድሮ ጋዜጦችን ይዟል። ጆንስተን ካምፕ ዶጅ ውስጥ ያለው የአዮዋ የጦር ሙዚየምም መሄድ ይቻላል፣ እዛ በብዛት የሚገኘው የናሽናል ጋርድ ታሪክ ስለሆነ ስለ 322ኛው ብዙ ባትጠብቁም ፒኑንና ዩኒፎርሙን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ቤት ውስጥ 53-98ን መፈለግ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ኤስኤፍ 180 መላክ፣ ከዛ ጋዜጣ። የሬጅመንቱን ጦርነት መፈለግ በቃ ይቁም፣ ስለሌለ አይገኝም።

የልጅሽ ጉዳይ። ያኔ የነበረው ሪዘርቭ በ1952 ህግ የዛሬውን አርሚ ሪዘርቭ ሆነ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ደግሞ፣ በ1993 ስምምነት፣ የሚዋጋው ክፍል ወደ ናሽናል ጋርድ እንዲሄድ ተደረገ። ዛሬ አርሚ ሪዘርቭ ማለት ህክምና፣ ትራንስፖርት፣ ስንቅ፣ ኢንጂነር፣ ሲቪል ጉዳይ፣ ስልጠና ነው። የሚዋጋ እግረኛ የቀረው አንድ ባታሊዮን ነው፣ እሱም ሀዋይና ፓስፊክ አካባቢ። ፈረሰኛ፣ ማለትም አሁን በተሽከርካሪ የሚቃኝ ስካውት፣ ለአዲስ ገቢ ልጅ አርሚ ሪዘርቭ ውስጥ የለም ብለሽ ውሰጂው። ያን ካማረው ያለው መደበኛው ጦር ወይ ናሽናል ጋርድ ነው፣ የ113ኛው ፈረሰኛ ስምም የቀጠለው አዮዋ ጋርድ ውስጥ ነው። ጋርድ ግን ወር በወር ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚለውን አትመኑ፣ በ2010 እና 2011 የአዮዋ ጋርድ ብርጌድ ከነፈረሰኛው አፍጋኒስታን ሄዷል።

ምክሬ፣ ስካውትነት ካማረው አርሚ ሪዘርቭ ቢሮ አይሂድ፣ ጋርድ ይሂድ። የኮሌጅ ክፍያና ከተማ የሚያገለግል ሙያ ከሆነ የሚፈልገው ደግሞ ሪዘርቭ ውስጥ ህክምና ወይ መካኒክነት ይሻለዋል፣ ፈረሰኛውን ይርሳው። የትኛውም ጋ ቢሄድ መልማዩ በአፉ የሚለው አይቆጠርም፣ ሙያው በኮዱ ኮንትራቱ ላይ ተጽፎ ካላየ አይፈርም፣ ጠቅላላ ግዴታውም ስድስት ዓመት ተብሎ ቢነገረው እንኳን በህግ ስምንት መሆኑን፣ ቀሪው ሁለት ዓመት ሲፈለግ የሚጠራበት መሆኑን አስረጂው። 18 ከሞላው ያንቺ ፊርማ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ኮንትራቱን አብራችሁ የምታነቡት ከመሄዱ በፊት ነው፣ ባዶ ቅጂውን ወደ ቤት ይዤ ልሂድ ብሎ ይጠይቅ፣ እምቢ ካሉት ሌላ መልማይ ጋ ይሂድ።